«የቀረበ አሳሳቢ ጉዳይ፦ የለም»

ለክቡር የማዕከላችን የሙያ ክትትል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎና እንቅልፍዎ የተሟላ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እኛ የቤት ለቤት የሥነ ልቦና አማካሪዎች ከየሰዉ ቤት ተሸክመን የምንመጣውን ጭንቀት አንድም ቀን እርስዎ ፊት አራግፈን ስለማናውቅ፣ እንቅልፍ የሚነሳዎት ነገር ከየት ይመጣል? በዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ሠራተኛዎ፣ ደጅ ብጠና ብጠና ስላልሆነልኝ በአደባባይ ልጽፍልዎት ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

በመጀመሪያ ምስጋና ላቅርብ። በደንባችን መሠረት እያንዳንዱ አማካሪ በየረቡዑ አንድ ሙሉ ሰዓት ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብሎ፣ የያዘውን ሰው ጉዳይ እንዲያወያይ፣ የከበደውን እንዲናገር፣ ከሳተም እንዲታረም ታዟል። እርስዎ ግን ይህን የሱፐርቪዥን ሰዓት ወደ አርባ ሰከንድ አሳጥረውልናል። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆመን፣ «ተወያይተናል» የሚለውን ቅጽ ግድግዳ ላይ አስደግፈን እንፈርማለን፤ እርስዎም «በርቱ፣ በርቱ!» ብለውን ወደ ስብሰባዎ ይገባሉ። ዕድሜ ይስጥልን! ወንበር እንኳ ሳናሞቅ ሱፐርቪዥኑ ያልቃል።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩ኛ፦ ቅጹን በተመለከተ። በቅጹ ላይ «የቀረበ አሳሳቢ ጉዳይ» የሚል መስመር አለ። ጸሐፊዎ ድካም ልትቀንስልን ብላ መስመሩ ላይ «የለም» ብላ ተይባ፣ የእያንዳንዳችንን ስምና የሦስት ወሩን ረቡዖች ሁሉ አስገብታ አትማዋለች፤ እርስዎም ክምሩን በአንድ ረፋድ ፈርመው ጨርሰዋል። ለእኛ የሚቀረን ከታች መፈረም ብቻ ነው፤ ያልፈረመ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ልዋሽዎት አልፈልግም፣ እኔም ፈርሜያለሁ። አሁን ሳስበው አፍርበታለሁ።

፪ኛ፦ በርዎን በተመለከተ። «ለሠራተኛ ሁልጊዜ ክፍት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በሩ ተዘግቶ ስለሚውል ወረቀቱ ከሩቅም ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

፫ኛ፦ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅብኝ አይፍረዱብኝ። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራውን፣ ሁሉን ነገር ስለምትጽፍ «ደብተሬ» የምንላትን አማካሪ ያውቋታል፤ ለሐሙሱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የከሰሷት እርስዎ ነዎትና። ከምትጎበኛቸው ሰዎች አንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ቀን መቀሳቸውን ለጎረቤት ሰጡ። በሳምንቱ የስፌት መኪናቸውን ሰጡ። በሦስተኛው ሳምንት ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው እሷ አንገት ላይ አጠለቁና «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ልጄ» አሏት። ደብተሬ ገና ከመቀሱ ቀን ጀምራ ፈርታ ነበር። የኖረበትን ዕቃ የሚያድል ሰው ምን አስቦ እንደሆነ፣ እሷስ ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ልምድ ያለው ሰው እንዲነግራት ፈለገች፤ ሱፐርቪዥን ማለት ይኸው አይደል እንዴ?

ሦስቱንም ረቡዕ በርዎን አንኳኳች። ደብተሯ ላይ ከነሰዓቱ ሰፍሯል። በመጀመሪያው «ከስብሰባ በኋላ» አሏት፤ በሁለተኛው «ፈርሚና ሂጂ፣ እንነጋገራለን» አሏት። በሦስተኛው አልነበሩም፤ ሌላ ከተማ ሄደው ስለ ውጤታማ ሱፐርቪዥን ሥልጠና ይሰጡ ነበር። ወይ ጉድ! ያን ቀን ጸሐፊዎ ቅጹን አስፈረመቻትና ሸኘቻት።

ብቻዋን የምትችለውን አደረገች፤ ሳምንታዊ ጉብኝቷን በራሷ ጊዜ የየቀን አደረገችው። ዓርብ ጠዋት አንኳኩታ መልስ ስታጣ ጎረቤት ጠርታ በሩን ያሰበረችው፣ አምቡላንስም የጠራችው እሷ ናት። ሰውየው ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው ነበር። ዛሬ ሆስፒታል ተኝተው እየተሻላቸው ነው።

እርስዎ ግን ምን ጻፉ? «አደጋውን ለሱፐርቪዥን ሳታቀርብ ደብቃለች»። ማስረጃ ብለው ያያያዙት የሦስተኛውን ረቡዕ ቅጽ ነው፤ ያንኑ «የለም» የሚለውን፣ እርስዎ በሌሉበት ቀን ከእርስዎ ፊርማ ጋር! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፤ እዚህ ግን ዳውላውን የሚደበድበው አህያው ራሱ ነው። ደሜ ይፈላል፣ ክቡር ሆይ። ሐሙስ ከተፈረደባት ሥራዋም የሙያ ፈቃዷም አብረው ይሄዳሉ። ክሱ ከደረሳት ቀን ጀምሮ ደብተሯን ገልጣ አታውቅም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ይቅር። ትናንት ልብስ ሰፊውን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ስለ ራሳቸው አላወሩም፤ «ያቺን ልጅስ ማን ያዳምጣታል?» አሉኝ። ከዚያው ተመልሼ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ለፈጣን ፊርማዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ግድግዳ ላይ ስትፈርም የኖረችው ታዛዥ ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለማስታወቂያ ሰሌዳ

ተጨማሪ፦ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ካለው ክምር አንድ ቅጽ ወስጄ፣ እዚያው አባዝቼ ከሁለቱም ግልባጮች ጋር አያይዣለሁ። ቀኑ ከሐሙሱ ችሎት በኋላ የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ ገና አልደረሰም። የደብተሬ ስም ግን ተይቦበታል፣ ፊርማዎም አርፎበታል፦ «ከሠራተኛዋ ጋር ለአንድ ሰዓት በሰፊው ተወያይተናል። የቀረበ አሳሳቢ ጉዳይ፦ የለም»። እንግዲህ ሐሙስ ቢያባርሯትም፣ ረቡዕ ከእርስዎ ጋር ተወያይታለች ማለት ነው። ለዚህኛው እንኳ በሩን ይክፈቱላት።