ገበያው ሁሉ የተሸከመህ ቀን

ሰይዴ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለየኸን ወዲህ ያላንተ ያፈጠርነው ረመዳን ሁለት ሆነ። አስቀድሜ ደህንነታችንን ልንገርህ፤ ከየትም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበርና። ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ። ልጃችን ሀያት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት እኔን በልጣለች፣ በግትርነት ደግሞ አንተን። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ ወደ በረንዳው አውጥቻታለሁ፤ ብርሃኑም ይሻላል፣ አላፊ አግዳሚውም ያጫውተኛል። ያንተ የቀለም ቆርቆሮዎች ግን ከማዕዘናቸው አልተነሱም። ደርቀዋል። ሀያት እንጣላቸው ስትለኝ ነገ እላታለሁ፣ በነጋታውም ነገ እላታለሁ።

ከተማ ውስጥ የሠራሃቸው ማስታወቂያዎች እየደበዘዙ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሥጋ ቤት ያንተን በሬ አስጠፍቶ በሌላ ሠዓሊ አሳለው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አዲሱ በሬ ቀንድ ያበቀለች አህያ ነው የሚመስለው። ባጃጆቹ ጀርባ ላይ ግን ደራሽህ አሁንም አለ። ፀሐይ ፊቱን ቢያነጣውም ሽርጡ ይታወቃል።

ላንተ ስለ ደራሽ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ይህን ደብዳቤ ሀያትም ታነበዋለች፣ ሌላም ሰው ያነበዋል፤ ስለዚህ ታገሠኝ። ደራሽ ከማስታወቂያ ሥራ በተረፈህ ሰዓት የሳልከው ባለ ሽርጥ ሽማግሌ ነው። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ማሽላ ሊወስድ ሲል ትከሻውን ሰጥቶ ያቆመዋል። ከብት ሲጠፋ ሌባውን ቀድሞ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። የጠራውን ሰው ሁሉ ይደርስለታል። ጀግና ሆኖ ለምን አይበርም ብዬ ስጠይቅህ፣ በእግሩ የሚመጣ ሰው ይበልጣል አልከኝ። እኔ እንደሆነ ከየት እንደቀዳኸው አውቅ ነበር። እናትህ ብቻዋን ያሳደገችህ፣ አጎት አክስት የማታውቅ ሰው ነህ። ሞተህ ያለ ሸኚ መሄድን እንደምትፈራ የነገርከኝ ገና ሳንጋባ ነው። ደራሽን የሳልከው ለዚያ ፍርሃትህ ነበር።

የሥዕል ታሪኩን በፎቶ ኮፒ አባዝተህ ስታዳርስ ከሚሴ ወደደችው። ከዚያ የአዲስ አበባዎቹ ፊልም ሠሪዎች በአንድ ሰው ስልክ ላይ አይተውት መጡ። ፊልም እናድርገው ሲሉህ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ስትል ዋልክ። እኔም ለደራሽ ባለ ሰማያዊ መስመር ሽርጥ በልኩ ሰፋሁለት። ዳይሬክተሩ ሽርጡን አይቶ ሳቀ። ጀግና ሽርጥ ለብሶ ታይቶ አይታወቅም አለና ከአዲስ አበባ ያሠራውን የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ልብስ ከነካባው አወጣ። የከሚሴ ሙቀት ደግሞ ማንንም አይፈራም። ተዋናዩ ቦርከና ዳር ገና አንዴ እንደሮጠ ወደቀና ቀዝቃዛ ውሃ አርከፍክፈን አነቃነው። ላሞቹ በበኩላቸው ካባው ሲውለበለብ አይተው ደንብረው ማሽላው ውስጥ ተበተኑ፤ ቀረጻው ቀርቶ ሁሉም ከብት ፍለጋ ዋለ። ደራሽ ከብት የሚያገኝ ነበር እንጂ የሚያጠፋ አልነበረም ብለህ ወገብህን ይዘህ ሳቅክ። በዚያ ፊልም የሳቅከው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ታሪኩ ይለወጥ ጀመር። አንድ ቀን ደራሽን በፍቅር አሳበዱት። ሌላ ቀን ጎርፉን ትተው ሽጉጥ የያዙ ወሮበሎች አመጡ። በመጨረሻ ፕሮዲውሰሩ ተመልካች ካላለቀሰ ፊልም አይሸጥም ብሎ ደራሽ ይሙት አለ። እሱ ከሞተ ለሰው ማን ይደርሳል ብለህ ተከራከርክ። ታሪኩ አሁን የኛ ነው አሉህ። ቤት ገብተህ ምሳህን ሳትበላ ያቺን ሽርጥ አጥፈህ ስትዘረጋ፣ ዘርግተህ ስታጥፍ አይሃለሁ።

የደራሽ ጀናዛ፣ የቀብር ሽኝቱ፣ ቀረጻ ሲደርስ ያ ተዋናይ በቁሜ ቃሬዛ ላይ አልተኛም ብሎ እምቢ አለ። አልፈረድኩበትም። አንተ ግን ልጄን የምትገድሉት ከሆነ እኔ እተኛለታለሁ አልክ። ዳይሬክተሩ ሰው በነፃ ይገኛል ብሎ የገበያ ቀን መረጠ። ሰው እንዳያውቅ ካሜራውን ፎቅ ጣሪያ ላይ ደበቀ። ከሰፈሩ የቀብር ዕድር ከቅሬው ቃሬዛ ተዋሱ፣ ጋቢ አለበሱህ፣ የቀጠሯቸው ሰዎች አንስተው እስከ መታጠፊያው እንዲሄዱና እንዲያቆሙ ነበር ሐሳቡ።

የኛን አገር ሰው ማን ባስረዳቸው! ጀናዛ ሲያልፍ እህሉን እንደተዘረገፈ፣ በጉን እንደታሰረ ትቶ ይነሳል። የማን ነው አይልም። ትከሻውን ያስገባል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ አጅሩን፣ የአላህን ምንዳ፣ ይዞ ለሌላው ይለቃል። እኔ ከበረንዳችን ሆኜ አያለሁ። አንተ እንደሆንክ፣ በሕይወት እንዳለህም አውቃለሁ፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ላ ኢላሃ ኢለላህ እያለ ግልብጥ ብሎ ሲነሳ እኔም ሳላውቀው አብሬ አልኩ። ዳይሬክተሩ መታጠፊያው ላይ እጁን እያወናጨፈ አቁሙ ይላል። ጀናዛ መንገድ ላይ አቁሙ የሚልን ሰው ማን ይሰማዋል? እብድ መስሏቸው ወደ ዳር ገፉት። ቀብር ቦታ ሲደርሱ የተቆፈረ ጉድጓድ የለም። ይሄ ምን ዓይነት ቅሬ ነው፣ ሰው እንዲህ ይዋረዳል ብለው ተቆጡና ከሰፈሩ ዶማ አምጥተው መቆፈር ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ቀና ያልከው። የሮጠው ሮጠ፣ የወደቀውም ወደቀ፤ አንዱማ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። የቀሩት ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ።

ለምን ቀደም ብለህ አልተነሳህም ብዬ ጮህኩብህ። አቅም አጣሁ አልከኝ። በራስህ በኩል የያዘ አንድ ሰው፣ ለሌላ አልለቅም ብሎ፣ ያ ረቢ ረህመተ ጎዲፍ፣ እዘንለት፣ ቀብሩን አስፋለት እያለ መንገዱን ሁሉ ሲያለቅስልህ ሰማህ። እንዲህ የሚለምንልኝ ሰው በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም አልክ። ከዚያም ቀስ ብለህ፣ ዘሃራ፣ አሁን አልፈራም፤ እኔ ስሞት ገበያው ይሸኘኛል አልከኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ፊልም ሠሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፣ ይቅርታም ተደረገላቸው። ፊልሙን ሥሩ፣ በጀናዛ ግን አትጫወቱ ተባሉ። ፕሮዲውሰሩ ያለ ሞቱ ፊልም የለም አለና ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ደግመውም አልደወሉልህ። ካባውን ረስተውት ሄደዋል፤ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ አለበስኩት። ለዚያ እንኳ ጠቅሟል።

ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ኩላሊትህ ጣለህ። ብዙም አላንገላታህ፣ አልሃምዱሊላህ። ሩህህ የወጣችው በገበያ ቀን ነው። የቅሬው ሰው አብዛኛው ገበያ ውሎ የተገኙት ጥቂቶች ነበሩ። አጠቡህ፣ ከፈኑህ፣ ሰገዱብህ፣ አነሱህ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። ልቤ ግድ የለም ይለኛል፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ገበያው ይነሳል፣ እሱም ይህን ያውቅ ነበር ይለኛል።

ማንም አልተነሳም፣ ሰይዴ። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ካሜራ ፈለጉ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ፣ ደግሞ መጡብን፣ ዛሬስ አንታለልም ብላ ስትስቅ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። እውነት ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። እነዚያ ጥቂት ሰዎች ሳይቀያየሩ፣ ላባቸው እየወረደ በገበያው መሃል ይዘውህ አለፉ። ብቻህን የሄድክ መሰለኝ።

በማግስቱ እውነቱን ሲሰሙ ለቅሶ ቤቱን ሞሉት። ሽንኩርት ሻጯ ደረቷን እየደቃች ገባች። አፌ አላህ ይስጣችሁ ይላል፣ ልቤ ግን አልተቀበላቸውም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ወጥቼ አላውቅም፤ የሚገዛውን ሁሉ ሀያት ናት የምትገዛው። የከፋኝ በእነሱ ብቻ አልነበረም። አንተ ያን ያህል አምነህ መሞትህ ነው የቆጨኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ ያደረገኝ ያለፈው ሳምንት የሆነው ነው። አንድ ገበሬ ከጨፋ ሮቢት የተቀደደ ኮት ሊያሰፋ መጣ። አባ ሙሄ ይባላል። በራችን ላይ የሳልከውን ደራሽ አይቶ፣ ይህ የዚያ ቃሬዛ ላይ የነበረው ሰውዬ ቤት ነው እንዴ አለኝ። ነው፣ እሱም ሞቷል አልኩት። ኢና ሊላሂ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሞትክበት ቀን ከብቱ ታሞበት ገበያ አልመጣም ነበር፤ የሰማው ገና ከእኔ ነው። ሲያወራኝ ገባኝ፤ በራስህ በኩል የያዘው፣ ሲያለቅስልህ የሰማኸው ሰው እሱ ነበር።

ያን ቀን ተናደህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንዴታ አለ። ብዙዎቹ እዚያው ቀብር ቦታ ላይ ዱአችን ባከነ፣ አላህ ይመልስልን ብለው ተበትነዋል። እሱም ፊልም ሠሪዎቹን ረግሟቸዋል። ግን እንዲህ አለኝ፦ ለአላህ የሰጡት ይመለሳል እንዴ? እኔ ዱአዬን አልመለስኩም። የሰውየው ነው። ባይሞትም ቀድሞት ይሂድና ይጠብቀው አልኩ።

መርፌው እጄ ላይ እንዳለ አለቀስኩ። ሰይዴ፣ ብቻህን አልሄድክም ለካ። ስትደርስ የሚጠብቅህ ነበረ።

ያቺን ባለ ሰማያዊ መስመር ሽርጥ አውጥቼ ሰጠሁት። ልኩ ሆነች። በእግሩ ወደ መናኸሪያው ሲወርድ እስኪሰወር አየሁት።

ትናንት ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት የገዛሁት ከዚያችው ሴት ነው። ስታየኝ አንገቷን ደፋች፤ እኔ ቀድሜ ሰላም አልኳት። ሀያት ደግሞ ከደረቁት ቆርቆሮዎችህ አንዱን ከፍታ በውሃም በጋዝም ትታገለዋለች፤ ባጃጆቹ ላይ ያለውን የደራሽን ፊት ላድስ ነው የምትለው። ተያት አልኩ ለራሴ።

አንተን የማስብበትን መንገድ አግኝቻለሁ። በዚህ በረንዳ ፊት ጀናዛ ባለፈ ቁጥር መኪናዬን አቁሜ እነሳለሁ። የማን ነው አልልም። ጣሪያ ጣሪያውንም አላይም። ያ ረቢ ረህመተ ጎዲፍ እላለሁ። ቃሬዛው ላይ የተኛው በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ቀድሞት ይሂድና ይጠብቀው፤ የሞተ ከሆነም ከእሱ የሚተርፈው ላንተ ይድረስ።

ያንተዋ ዘሃራ