ከኖታው ጀርባ ትራምፔት የለመዱት እታለም

እናታችን፣ አክስታችንና የሁላችንም እታለም በ1946 ዓ.ም. በጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ፣ በሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው የፋብሪካው የሙዚቃ ጓድ ትራምፔት ነፊ፣ እናታቸው ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ አራት ታናናሾች ተከትለዋቸዋል። እታለም የሚለውን መጠሪያ ያወጡላቸው እነዚሁ ታናናሾቻቸው ናቸው፤ ሰፈሩም እንዳለ ተቀበለው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከፋብሪካው አጥር ጎን ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። ትራምፔት የለመዱት ግን እዚያ አይደለም። እንዲያውም ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖታ ማቆሚያው የፋብሪካው ንብረት ስለሆነ ከአዳራሹ አይወጣም። አባታቸው ከሥራ መልስ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ፣ ፊት ለፊት ቆመው ወረቀቱን የሚይዙላቸው እታለም ነበሩ። ክንዳቸው ዝሎ ወረቀቱ ሲንቀጠቀጥ አባታቸው መንፋታቸውን ሳያቆሙ በዓይናቸው ይቆጧቸዋል፤ ሲጨርሱ ደግሞ፣ "ማቆሚያ አይወዛወዝም፣ ልጄ" ይላሉ። በዚህ ሁኔታ እታለም ለዓመታት ያዩት የኖታውን ጀርባ ብቻ ነው። ከወረቀቱ ጠርዝ በላይ ግን ሦስት ጣቶች ቁልፎቹን ሲጫኑ ይታያቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው ወረቀት ስለያዘ፣ በግራቸው ጭናቸው ላይ እነዚያን ጣቶች ይከተሉ ጀመር። የትራምፔቱን መንፊያ ማጠብም የእርሳቸው ሥራ ስለነበር፣ እያጠቡ ነፋ አድርገው እንደ ንብ ያስጮኹታል። እናታቸው ከወዲያ ሆነው፣ "አንቺ ልጅ፣ ውኃውን ዝጊ፣ ንቡንም አባርሪ!" ይሉ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. አባታቸው ከብስክሌት ወድቀው የፊት ጥርሶቻቸው ተሰበሩ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ከንፈሩ የሚያርፈው በፊት ጥርሱ ላይ ነውና፣ ያለ እርሱ ድምፅ አይወጣም። አባታቸው ይህን ለማንም አልተናገሩም። "ጉሮሮዬን ብርድ መታኝ" ብለው አፋቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ትራምፔታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልምምድ ላይ ይቀመጡ ጀመር። በቤትም ቢሆን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚበሉት። የሚኖሩበትን ቤት የሰጠው ፋብሪካው ነው፤ የሚሰጠውም ለሚነፋ ሰው ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ሁሉም ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

የአዲሱ የሽመና ክፍል ምረቃ ሲቃረብ የጓዱ አለቃ ትዕግሥታቸው አለቀ። ትራምፔት የሚችል ሁሉ መጥቶ እንዲፈተን፣ ያለፈውም ወንበሩንና ቤቱን እንዲረከብ አስነገሩ። ወዲያው አንዲት ሴት ሊፈተን ካሰበው ባሏ ጋር መጥታ በመስኮቱ አጮልቃ፣ "ይኼኛው ክፍል ጠዋት ፀሐይ ያገኛል?" ብላ እናታቸውን ጠየቀች። እናታቸውም፣ "እስካሁን ያገኘው እኛን ነው" ብለው መስኮቱን ዘጉት። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት በአንድ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እታለም ትራምፔቱን ያለ ፈቃድ ያነሡት ያን ሰሞን ነው። አባታቸው ትራምፔቱን ቤት ትተው ለሥራ ሲወጡ፣ በእናታቸው መስፊያ ክፍል ከልብስ ክምር ጀርባ ቁጭ ብለው፣ የትራምፔቱን አፍ በጨርቅ ጠቅጥቀው ይነፋሉ። እናታቸው የጎረቤት ጆሮ ለማታለል የስፌት መኪናውን ያለ ክር ያሽከረክሩ ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ሳይታሰብ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

"ቀኑን ሙሉ ትሰፊያለሽ፤ ልብሱ የታለ?" አሉ ለሚስታቸው።

መኪናው ቆመ። ትራምፔቱ ግን አንድ ድምፅ አልፎ ነበር የቆመው። አባታቸው የልብሱን ክምር ገለጥ አድርገው ልጃቸውን አዩ።

"ገና ሳልሞት ወንበሬን ልትወርሺ?"

"ወንበሩን አይደለም፣ አባባ፤ ቤቱን ነው።"

አባታቸው ትራምፔቱን ተቀብለው ጠራርገው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት። እስከ ፈተናው ቀን ድረስም ከልጃቸው ጋር አልተነጋገሩም። ሳጥኑን ግን አልቆለፉትም።

በፈተናው ዕለት እታለም ሳጥኑን አንጠልጥለው ብቻቸውን ወደ አዳራሹ ሄዱ። አባታቸው ሻርፓቸውን እንደጠቀለሉ ከኋላ ከከበሮው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እታለም ተራቸው ደርሶ ትራምፔቱን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ሰው ሁሉ በቀኝ የሚጫናቸው ቁልፎች ላይ የግራ ጣቶቻቸውን ሲያሳርፉ አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ከበሮ መቺው፣ "ይቺ ልጅ ከመስታወት ውስጥ ነው እንዴ የወጣችው?" አለ። የጓዱ አለቃ አልሳቁም። አንድ ወረቀት ማቆሚያው ላይ አድርገው ንፊ አሏቸው። እታለም ወረቀቱን አዩት፣ ደግመው አዩት፤ ትራምፔቱ ወደ አፋቸው አልሄደም።

"ምን ሆንሽ?"

"ጋሼ፣ ይኼን ፊቱን አላውቀውም። እኔ የማውቀው ጀርባውን ነው።"

ሣቁ እንደገና ፈነዳ። አለቃው እጃቸውን አወዛውዘው፣ "ኖታ የማያነብ እዚህ አይቀመጥም። ቀጣይ!" አሉ። ያቺ ስለ ፀሐይ የጠየቀችው ሴት ባል ከወንበሩ ብድግ አለ።

ከእርሱ በፊት ግን አባታቸው ተነሥተው ነበር። መሐል አዳራሹ ድረስ መጡና ወረቀቱን አይተው፣ "አለቃ፣ ዜማውን ታውቀዋለች። የትኛው እንደሆነ ነው ያልነገርናት" አሉ። ከዚያም ሻርፑን ፈቱ። ያን ሁሉ ጊዜ የዘጉትን አፍ በጓዶቻቸው ሁሉ ፊት ከፍተው የዜማውን መግቢያ አዜሙ። በተሰበሩት ጥርሶች መሐል ነፋሱ እያፏጨ ወጣ። ከኋላ አንድ ሰው፣ "ውይ፣ ጥርሱን!" ሲል ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። አባታቸው ምን እንዳደረጉ ያውቁ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዚያ ጓድ ትራምፔት ነፊ ሊባሉ አይችሉም።

የእታለም የመጀመሪያው ድምፅ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ያዘ። ከዚያ ዓይናቸውን ከአባታቸው ጣቶች ላይ ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ነፉት፤ አባታቸው በባዶ አየር ላይ ቁልፍ ይጫኑ ነበርና። የጓዱ አለቃም፣ "እስከ ምረቃው ኖታ ታነቢያለሽ። ካላነበብሽ ቤቱን ታስረክባላችሁ" አሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሳጥኑን የተሸከሙት አባታቸው ናቸው። መንገድ ላይ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "መግቢያውን ቸኮልሽበት።"

እታለም እስከ ምረቃው ማንበብ ቻሉ፤ ያስተማሯቸውም አባታቸው ናቸው። በጓዱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግለው በምክትል አለቃነት ጡረታ ወጥተዋል። ከዚያም በኋላ የሰፈሩን ልጆች ያለ ክፍያ አስተምረዋል። ተማሪን ፊት ለፊታቸው አያስቀምጡም ነበር፤ "ጎኔ ና፤ አንድ ግራ ለአንድ ሰፈር ይበቃል" ይሉ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ "በቤታችን ጩኸት ያለው ሚስቴ ጋ፣ እሳት ያለው እኔ ጋ ነው" እያሉ ያስቁን ነበር።

እታለም ግልጽ ነበሩ፤ ቁጣቸውም ፈጣን ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት በሳንባ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አራቱም ታናናሾቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

አባታቸውና እናታቸው እስኪያርፉ ድረስ በሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ኖረዋል። አራቱም ታናናሾቻቸው ከዚያ ቤት የወጡት ተምረውና ሥራ ይዘው፣ እያንዳንዳቸው በፈለጉት ቀን ነው። ውጡ ብሎ በሩን ያንኳኳባቸው ሰው አልነበረም።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ትንፋሽ የማያጥርበትን ማረፊያ፣ ማንም የማያስለቅቃቸውን ቤት ይስጥልን። አሜን።