የአፌ ደባል

የካቲት 3
አሁንም ሆስፒታል። ጉንፋን ነው ብዬ የናቅሁት ቫይረስ ሳንባዬ ውስጥ ገባ... ኦክስጅኑ አፍንጫዬ ሥር ያፏጫል። ነርሷ፣ «እማማ፣ ምን ይጽፋሉ?» አለች።
«አንቺን እያማሁ ነው።»
በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለምን መስሏታል?
ምላሴስ ምን ነካው? ሻዩ አመድ አመድ ይላል።

የካቲት 5
አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ። የረጋ ወተት የመሰለ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ምላሴን ብቻ አወጣሁለት። ፈንገስ ነው አለ፣ የእርሾ ዘመድ። ሰው ሁሉ አፍ ውስጥ አርፎ ይኖራል። ቫይረሱ ሰውነትን ሲያደክም፣ የሳንባው መድኃኒትም መከላከያውን ሲያስተኛ፣ ያኔ ይከፋል።
እንግዲህ ዕድሜ ልኬን በነጻ ያኖርኩት ደባል ነው! እስክወድቅ ጠብቆ... ባሌ በሞተ ሳምንት ቤቴን ከለኩት ወንድሞቹ ሳይማር አልቀረም።
«ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት?»
«የለኝም።»
ምን ልበለው? ባሌ እንኳን ሳያውቅ ነው የተቀበረው።

የካቲት 8
ዶክተሩ ለአፌ ያዘዘው ጠብታ ምንም አልሠራም። መዋጥ እሳት ሆነ። ዶክተሩ ግራ ገብቶታል። «ወደ ጉሮሮ እየወረደ ነው። በዚህ ድካምዎ ደም ውስጥ ከገባ ሊገድልዎት ይችላል።»
ጥርሴን ማታም አላወልቅም። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ፣ ሦስቱም ዓይናቸው አያርፍ።
መሞት ይሻላል ወይስ በድድ መታየት? እውነቱን ለመናገር... ገና አልወሰንኩም።

የካቲት 9
ምራቴ መጣች። ሬዲዮ ነው የምላት፤ ወሬ አታሳድርም። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣
«እማዬ፣ ጥርሱን ያውልቁት።»
«የምን ጥርስ?»
«በሠርጌ ቀን ሲስቁ ወልቆ፣ መልሰው ሲገጥሙት አይቻለሁ እኮ።»
«ለማን ነገርሽ?»
«ለማንም።»
አሥራ ሁለት ዓመት! ይቺ? የጎረቤትን እርግዝና ከባልየው ቀድማ የምታወራ? በምን እንደምሰድባት ጠፋኝ።
አወለቅሁት። ነጩ ከሥሩ ተለጥፎ... ደባሉ ለካ ከነቤተሰቡ እዚያ ሰፍሯል። በመሐረብ ጠቅልላ ለዶክተሩ አሳየችልኝ። አልተቆጣም። መቆጣት ነበረበት።

የካቲት 16
ውኃ ያለ ሥቃይ ዋጥኩ። አፌ እየጠራ ነው። ጥርሱ ብርጭቆ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለገባ ለወጣው ይስቃል። እኔም በድዴ።
ልጄ መጣ። አፌን ሲያይ ፊቱን አዞረ።
«ወዲህ ዙር አንተ! አንተስ ስትወለድ ጥርስ ነበረህ? እኔ ፊቴን አዞርኩብህ?»