የሚልካ ትኋኖች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሒሳብ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ስፖርት። ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህ መንገድ ላይ አስቁሞ የሚያጽናናኝ ቀንሷል። ደግ። "ለበጎ ነው" የሚሉት ደግሞ ቢጠፉልኝ... እህቴ ሚልካ ከሳጉሬ ስትመለስ ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተች። ምኑ ነው በጎ?

ጥቅምት 5

ሚልካ ለመመረቂያዋ የሰበሰበቻቸው ትኋኖች አሁንም አልጋዋ ስር ናቸው። የአልጋ ትኋን አይደሉም። የባቄላ እሸት እየወጉ የሚመጥጡ፣ የኋላ እግራቸው እሾሃም የሆነ። አስተማሪዋ "ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው" ብሏታል። እሷ ግን የሳጉሬዎቹ ከአሰላዎቹ ይለያሉ ባይ ነበረች። ለያይታ በየጠርሙሱ አልኮል ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አብራት የምትሠራው ሰናይት ቅዳሜ መጥታ ትወስዳቸዋለች።

ትውሰዳቸው። እነሱን ፍለጋ አይደል የሄደችው?

ጥቅምት 7

የአባቴ እህት፣ አዳዳ ከበደች፣ ቤት ሲያጸዱ ጠርሙሶቹን አገኙ። ከፍተው አሸተቱ። አረቄ መሰላቸው። በጴንጤ ቤት፣ ያውም ነፍሳት የተነከረበት አረቄ። ጠንቋይ የሰጣት ነው ብለው ደመደሙ። ማታ ፓስተሩ ለጸሎት ሊመጡ ነው። ስሟ እንዳይነሳ ብለው ሁሉንም ጓሮ ደፉት።

"አዳዳ፣ ምን አደረጉ?"

"ዝም በል። ለማንም አልናገርም። ከእኔ ጋር ይቀበራል።"

"ምኑ?"

"አረቄዋ።"

ሳቄ መጣ። ከዚያ ጮህኩ። "ሁለተኛ ገደሏት" አልኳቸው። እናቴ አፏን በሻሿ ይዛ ወጣች። አልጸጸትም። ትኋኖቹን ከጭቃው ውስጥ ለቀምኳቸው። የሳጉሬው ከአሰላው ተደባልቋል።

ጥቅምት 8

ሰናይት እስክትመጣ በሁለት ሳህን ለይቼ ጠበቅኳት። ጭናቸው የወፈረውን እዚህ፣ የቀጠነውን እዚያ። ኮርቼም ነበር።

አየችና፣ "አፋታሃቸው" አለች።

"ማንን?"

"ባልና ሚስቱን። ጭኑ የወፈረው ወንዱ ነው።"

ሳቀች። አትሳቂ አልኳት።

"ሚልካም መጀመሪያ እንዲሁ አፋትታቸው ነበር" አለች። ይሄን እንኳን አልነገረችኝም... ለምን?

"እግሩን ተወው። ትከሻውን እይ። የአንደኛው እሾህ ወደ ጎን ነው። የዚህኛው ወደ ፊት፣ ሊዋጋ እንዳለ በሬ።"

እንደገና ለየናቸው። ግን የትኛው ከሳጉሬ እንደመጣ አሁን ማን ይመሰክራል? አዲስ ትኋን ከሳጉሬ ካልመጣ አስተማሪው የሚልካን ክፍል ከመመረቂያ ጽሑፋቸው ያወጣዋል አለች። ስሟም አብሮ ይወጣል።

"አንቺ ሂጂና አምጪ።"

"እዚያ መንገድ ላይ አልወጣም" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

አልፈረድኩባትም። ውሸቴን ነው፣ ፈርጄባታለሁ።

ጥቅምት 10

ሳጉሬ ልሂድ ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። "በዚያ መንገድ አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ" አለ። በቃ።

አዳዳ፣ "ሚልካ የለቀመችበትን ማሳ ታውቀዋለህ?" አሉኝ። አላናግራቸውማ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሳጉሬ ደርሰን መጣን።

አባቴን ያሳመኑት አዳዳ ናቸው። "የደፋሁት እኔ፣ የምሞላውም እኔ" ብለውታል። ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ጨምቀው ያዙ። ሾፌሩን፣ "ልጄ፣ ቀስ በል፣ ብንደርስም የሚጠብቀን ትኋን ነው" አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚልካ የተገለበጠችበት ኩርባ ላይ እንዴት ይሳቃል? እኔ በሌላኛው መስኮት አየሁ።

ባለማሳው፣ "ትኋን ከሆነማ አንድም እንዳታስቀሩልኝ" አለን። አዳዳ ነጠላቸውን አሸርጠው ባቄላው ውስጥ ገቡ። አንዱን በባዶ እጃቸው ያዙና ሽታው ፊታቸውን አዞረው።

"ይሄስ ከአረቄውም ይብሳል።"

ትከሻውን አየሁ። ወደ ፊት። ሌላም አመጡ። ወደ ፊት። እስኪመሽ ለቀምን... ወደ ጎን የሆነ አንድም የለም።

ሚልካ ልክ ነበረች።

ልክ ነበረች፣ ስልኬንም አውጥቼ ስሟ ላይ ደርሻለሁ። ልደውልላት። እንደሌለች ትዝ ሲለኝ ባቄላውን በእርግጫ መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። አዳዳ አላስቆሙኝም። ሲደክመኝ፣ "ለእሷ ልትነግራት የነበረውን ለእኔ ንገረኝ" አሉ።

"አይገባዎትም።"

"አይገባኝም። ንገረኝ።"

ድንበሩ ላይ ተቀመጡና የትኋኖቹን ጠርሙስ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከትከሻው ጀመርኩላቸው።