የአባባ ገመድና የባክቴሪያዋ ጭራ

ውድ ወንድም ጋሼ አባይነህ፣

ነገሩ የተበላሸው ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ፣ በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ዐውደ ርእይ ላይ፣ እኔ ከሠራሁት ሞዴል ሥር «አዘጋጅ» ከሚለው ቀጥሎ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችንን ስም ያነበብኩ ጊዜ ነው። ንዴቴ ሰላምታዬን ስለቀደመው ይቅር በለኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ሳልህስ ለቀቀህ? የጃፓን ብርድ ከዘመሮ ውርጭ ይብሳል ወይ? የበግ ጠጉር ባናህን ደርበህ ትተኛለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ገብሱም ታጭዶ ገብቷል።

ስለላክልኝ ጽሑፍ ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም። ባክቴሪያ በምትዋኝበት ጭራ ሥር ያለችው ቆልማማ የፕሮቲን መገናኛ ሁልጊዜ ልኳን የምትጠብቀው ሌላ ፕሮቲን እንደ ገመድ ስለሚለካት ነው ይላል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በልጅነቴ የአባባን የባና መለኪያ ገመድ ቆርጬ ግልገል ያሰርኩበት ቀን ነው። አባባ ሳያውቁ በዚያው እየለኩ ሦስት ባና አሳጥረው ሸመኑ። «ክንዴን ማን ቆረጠው?» ብለው ሳቁ እንጂ አልመቱኝም። ባክቴሪያዋም እንዲሁ ናት፤ ለኪው ፕሮቲን ሲያጥር መገናኛዋ ታጥራለች።

ሞዴሉን የሠራሁት በዚህ ነው፤ የሸምበቆ ቀለበቶችን እንደ መገናኛዋ፣ የአባባን ገመድ እንደ ለኪው አድርጌ፣ ቀለበቶቹን በገመዱ ላይ ሰክቼ አስተማርኩበት። ገመዱ ሲያልቅ ቀለበቱ ይቆምና የጭራው ተራ ይሆናል። ይዘንጋሽ የምትባል ተማሪዬ ገመዱንስ ማን ለካው ብላ ጠየቀችኝ። ልኩ በባክቴሪያዋ ዘር ውስጥ ተጽፏል አልኳት።

የባና ሠሪ ልጅ በገመድ ሳይንስ ልታስተምር መጣች እያለ መምህራኑን ሲያስቅብኝ የከረመው ይኸው ኃላፊ ነው። ስሜ የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ነገ ሌላ ትሠሪያለሽ አለኝ። የዐውደ ርእዩ ዳኞች ገመዱ ቢቆረጥ ምን ይሆናል ሲሉት፣ «ይበተናላ» አላቸው። ከኋላ ሆኜ «አይበተንም፣ ያጥራል» አልኩ። ዳኞቹ ዞረው አዩኝ፤ ሽልማቱን ግን ለእሱ ሰጡት። እኔም የአባቴን ገመድ ፈትቼ ይዤ ወጣሁ፤ ቀለበቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩለት።

ቤት ስገባ አባባ ገመዱን በክንዳቸው ለክተው፣ ዘንድሮስ አልቆረጥሽውም አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ እሳቸው ባይስቁልኝ፣ አንተም ከዚያ ሁሉ ርቀት ባታስበኝ ኖሮ ይህን ቀን አልችለውም ነበር።

አባባ ሳልህን በትኩስ ነገር ያዝ ይሉሃል። እማማ ጉንጭህን ይስማሉ። ታናሻችን ጽናት ፎቶ ላክልኝ ትላለች። ለባለቤትህ ለጌታነሽና ለትንሿ ልጃችሁ ለማዕረግ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ከእንግዲህ ግን ስሜ ያልተጻፈበት ሥራዬ ከክፍሌ አይወጣም፤ ልጅ ነሽ የሚል መልስም ከማንም አልቀበልም።

እህትህ መስታወት ጌጡ
ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.