ትንሿ በቴሌቪዥን ያለችው

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርዱ ሲመጣ ይነዝርሻል ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ? የአባዬ ሳል ለቀቀው? ቤቱ፣ ጓሮው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ናፍቆትሽ ከሚያንገበግበኝ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ስል እንግዲህ ታውቂዋለሽ፤ እግሬ ያብጣል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል እግር ነውና አልፈርድበትም። ትንሿም ደህና ናት። ይህን ስጽፍልሽ አልጋዬ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

በወንድሜ ስልክ የላክሽው ድምፅ ደርሶኛል። «ምን ብላ ነው ልጄ? እንዳለ ንገሪኝ፣ እንዳታሳምሪልኝ» ነው ያልሽው። ደጋግሜ ሰማሁት። ያልደወልኩልሽ ጠልቼ አይደለም። የወንድሜን ስልክ ታውቂዋለሽ፤ ድምፁን ካልለቀቁት አይሰማም፣ ከለቀቁት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይህ ነገር በሰው ጆሮ ላይ በጣም ተንገላቷል። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ አረፍ ብዬ በወረቀት ልንገራት አልኩ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በስልኩ ያሳየሽ ቁራጩን ነው። ትንሿ «ሀገሬን እናቴ ብዬ አልጠራም» ትልና እዚያው ላይ ይቆረጣል። አልዋሽሽም፣ ብላዋለች። ግን ነገሩ ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ነገር አለው።

ውድድሩን አላየሽውምና ልንገርሽ። ወጣቶች ሰብስበው አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ይዘጉባቸዋል። በየጥጉ ካሜራ አለ። ሲበሉ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ ሰው ሁሉ ያያል። በየሳምንቱ ተመልካቹ በስልክ መልእክት ይልክና አንዱ ይሰናበታል። ምን አገባሽ እዚያ ውስጥ ብላት «ሱቅ ውስጥ ቆሜ ከምውል ቤት ውስጥ ተቀምጬ ልዋል» ብላ ሳቀችብኝ። ከመግባቷ በፊት ግን አስምላኛለች፤ ሥራ ቦታ እህቷ መሆኔን ለማንም እንዳልናገር። «ይመጡብሻል» አለችኝ። እሷ ቁርጥ አባዬን፣ እኔ ቁርጥ አንቺን ስለሆንን ማንም አልጠረጠረም። ተመልካቹ ደግሞ በስሟ አይደለም የሚያውቃት፤ «መነጽሯ» ነው የሚላት።

አንድ ሳምንት እያንዳንዳቸው ስለ ሀገር ግጥም እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ሁሉም አቀረቡ። እናት ሀገሬ ያላለ አልነበረም፤ ግማሹም እንባውን አፈሰሰ። ተራዋ ሲደርስ ትንሿ ወረቀት ሳትይዝ ቆመች። ያለችውን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲደጋገም ነው የከረመው። እንዲህ ነው ያለችው፦

«እኔ ሀገሬን እናቴ ብዬ አልጠራም፤ እናቴን ስለማውቃት ነው። እናቴ ሰው ናት። ይደክማታል፣ ትቆጣለች፣ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ትስቃለች። ትምህርት ቤት ያስነበቡን መጻሕፍት ውስጥ ግን እናት ወይ ታለቅሳለች ወይ ትሞታለች። ከሳቀችማ በሚቀጥለው ምዕራፍ መቀበሯ ነው። ሀገርን እናት የሚላት ሰው በልቶ ይነሳል እንጂ ሳህኑን ማን እንዳጠበ አይጠይቅም። ምርጫ ሲደርስ የሚመጡትም ‹ልጆቻችን› እያሉን ነው። ልጅ ይታዘዛል እንጂ ምን ይጠየቃል? እኔ ሀገሬን ጎረቤቴ ብላት ይሻለኛል። ጎረቤት ካስቀየመህ ትነግረዋለህ፣ ካስቀየምከውም ይነግርሃል።»

አቅራቢው ቶሎ ብሎ ወደ ማስታወቂያ ገባ። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ስገባ ዱላ ቀረሽ ክርክር ነበር። ማዳም፣ አሠሪዬ ማለቴ ነው፣ መስታወቱ ላይ «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» ብላ የለጠፈች ናት፤ ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደረገችው ራሷ ናት። ባንክ ቤት የምትሠራ አንድ ደንበኛ አለችን፣ ንግግሯ ሁሉ ማህተም የተመታበት የሚመስል። እሷ «ሀገርን መስደብ ፋሽን ሆነ እኮ!» አለች። ጥፍር የምትሠራው ልጃችን ቀና ሳትል «የት ጋ ሰደበች? ሳህኑን ማን አጠበው ነው ያለችው» አለቻት።

ከሁሉም የከፋችው ጡረታ የወጣች የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናት፤ የቆየች ደንበኛዬ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ስለነበረች ምንም አትሰማም፤ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ትጮሃለች። ማዳም ጆሮዋ ሥር ሄዳ ስትነግራት ካስኩን ከራሷ ላይ ገፋችው። «እነዚያን መጻሕፍት ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያቸዋለሁ» አለች። «እናትየዋ የምትሞተው ደራሲው ጠልቷት አይደለም። አንባቢው የራሱን እናት እንዲያስብ ነው።» ጥፍር ሠሪዋም «ሳትሞት ማሰብ አይቻልም?» ስትላት፣ መምህርቷ አፍጥጣ አየቻትና «አንቺ ጥፍርሽን ሥሪ» አለች።

ሚስቱን የሚጠብቅ አንድ ባለታክሲም ነበር። እሱ ሳይቆጣ ነው የተናገረው። «እኔ የከበደኝ ጎረቤት ያለችው ነው» አለ። «ጎረቤት ካልተስማማሽ ቤት ትቀይሪያለሽ። ሀገር እንዴት ይቀየራል?» ይቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች። ቤት መቀየር የት ድረስ እንደሚወስድ እኔ አውቀዋለሁና።

እኔን ሲጠይቁኝ ግን «ሥራ ላይ ነኝ» እላለሁ። እማዬ፣ የደከመኝ ይሄ ነው። መቆሙን ለምጄዋለሁ። እህቴን እንደ ማበጠሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሏት እየሰማሁ፣ «ውሃው አልበዛብሽም? ሞቀሽ?» እያልኩ መዋል ነው ያደቀቀኝ። አንዷ ትመርቃታለች፣ አንዷ ትረግማታለች፤ እኔ የሁለቱንም ፀጉር አጥባለሁ። ማታ ክፍሌ ስገባ ዝም ማለት ራሱ እንደ ሸክም ትከሻዬን ያመኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሳምንቱ መሰናበቻ ቀን ደረሰ። የባንኳ ሴትዮ ስልኳን ይዛ ወንበር ለወንበር እየዞረች «ላኩ፣ ላኩ፣ ዛሬ ትውጣልን» ትላለች። እኔ የመምህርቷን ፀጉር ቀለም እየቀባሁ ነበር፤ ግማሹን ጨርሻለሁ፣ ግማሹ ሽበት ነው። መምህርቷ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ «በልጅቷ አልፈርድም» አለች። «የሚፈረደው በእናቷ ነው። ጥላት ሄዳ እንጂ አሳድጋት ቢሆን እንዲህ አትናገርም ነበር።»

ብሩሹን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩና «እናቷ ጥላት አልሄደችም» አልኩ። «አውቃታለሁ። የእኔም እናት ናት።»

የባንኳ ሴትዮ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማዳም አፏን ይዛ ቀረች። መምህርቷ ብትቆጣም ተነስታ የምትሄድበት የለም፤ በግማሽ ሽበት፣ በግማሽ ቀለም ከቤት አይወጣ! እኔም ጥያት አልሄድ ነገር ሥራዬ ነው። ብሩሹን አነሳሁና ቀጠልኩ። ሁለታችንም መስታወት ውስጥ ላለመተያየት አንገታችንን ደፋን።

ቀለሙ እስኪይዝ መጠበቅ ነበረብን። ቀስ ብላ፣ «እውነት ግድግዳ እስክትደገፍ ትስቃለች?» አለችኝ።

እማዬ፣ ይቅር በዪኝ፣ ነገርኳት። ትንሿ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ለፈተና «የእናትየዋ መሞት ምን ያስተምረናል?» ተብላ «ደራሲው ምን እንደሚያደርጋት ጠፍቶት ነው» ብላ የጻፈችውን ታስታውሺያለሽ? ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶሽ ወረቀቱን ሊያነብልሽ ሲጀምር ሳቁ እንዴት እንዳፈነሽ፣ መሐረብሽን አፍሽ ላይ ብትይዢም አልሆነልሽ ብሎ ግድግዳውን እንደያዝሽ፣ በመጨረሻ እሱም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ እንደሳቀ፣ ሁሉንም ነገርኳት። መምህርቷ አልሳቀችም። «እኔ ብሆን ዜሮ እሰጣት ነበር» አለች። ጭንቅላቷን አጥቤ ፎጣ ስጠመጥምላት ደግሞ «ምናልባት ግማሽ ነጥብ» አለች። ስትወጣ እጄን ጨብጣኝ «እናትሽን፣ የማላውቃትን ሰው፣ አምቻለሁ፤ ነውር ነው» አለችኝ። መልእክት ትላክ፣ አትላክ፣ ለማን ትላክ አልነገረችኝም።

ትንሿ ግን ያን ሳምንት ተሰናበተች። ብዙ ሰው ነው «ትውጣ» ያለው። ማዳም በነጋታው «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ፣ ፎቶዋን በር ላይ እንለጥፈው ነበር!» ብላ ተቆጣችኝ። የባንኳ ሴትዮ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ባለታክሲው ደግሞ ሚስቱን ሲያደርስ በመስኮት «እህትሽን በርቺ በያት፤ ያልኩትን ግን አልቀየርኩም» አለኝ። ደግ ሰው ነው።

እሷ ወደ እኔ የመጣችው በአንድ ሻንጣ ነው። በልታ ተኛች፤ ነቅታ በላችና መልሳ ተኛች። አንድ ቀን አብረን ገበያ ወጣን። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አቅፋ ሳመቻት፤ ጥቂት እንደሄድን አንድ ጎልማሳ ጫማዋ ሥር እንትፍ አለ። ቲማቲሙን ሳንገዛ ተመለስን። ቤት ገብተን «መነጽርሽን ብታወልቂ ማንም አያውቅሽም» ብዬ ልቀልድ ስል፣ እሷው ቀድማ አውልቃ ስታስቀምጠው አየሁና ተውኩት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እማዬ ሰምታለች?» ሰምታለች አልኳት። አክስቴ በዚህ ነገር ሰላምታ እንደነፈገችሽም አልደበቅኳትም። ሌላው ስድብ ያላስለቀሳትን ይሄ አስለቀሳት።

የእኔን ሐሳብ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ ለእሷ ግን ሳልጠየቅ ነገርኳት። ስለ መጻሕፍቱ ልክ ነሽ አልኳት። ስለ ምርጫውም፣ እኔ ከሥራ መልስ ስለ ምርጫ የማስብበት ጉልበት ባይኖረኝም፣ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሀገርን እናት የሚላት ሰው አይጠይቅም ብለሽ ከከሰስሽው፣ አንቺስ እማዬን ጠይቀሻታል? ቤቷን፣ ሳቋን፣ ድካሟን ለዓለም ስትዘረጊ «ልናገር ወይ?» ብለሻታል? አልኳት። «እሱን አላሰብኩትም ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ወስናለች። ሐሙስ በአውቶቡስ ወደ አንቺ ትመጣለች። ወደዚያ የሚነዳ የማውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ነገ ጠዋት ስለሚነሳ ይህ ወረቀት ይቀድማታል፤ የቸኮልኩትም ለዚህ ነው። ስትገባ ሰው ቤቱን ሞልቶ ይጠብቃት ይሆናል። አክስቴም ትመጣለች፣ አውቃለሁ፤ ያኮረፈ ሰው የመጀመሪያው ወሬ እንዲያመልጠው አይፈልግም። እባክሽ እማዬ፣ ማንም ሳይናገር አንቺ ተናገሪ። ብትቆጪ ተቆጪ፣ ብትስቂ ሳቂ፣ «ልክ ብለሻል» ካልሽም በይ። እዚህ በዚያ ሁሉ ወንበር ላይ ሁሉም ስለ እናት የሚለው ነበረው፤ ያንቺን የሰማ ግን የለም። ልጅሽ ልትሰማሽ ነው የምትመጣው። ያልሻትን ለእኔም በወረቀት ላኪልኝ፤ የሰው አፍ ሰልችቶኛል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳይውጥ። ወንድሜን ከነባለቤቱ በጣም ናፍቄያችኋለሁ በያቸው፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ንከሺልኝ። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አልተቀየምኩትም፤ ያገኘውን ነው ያሳየው። አክስቴንም ሰላም በያት፤ እምቢ ካለች ሰላምታዬን ደጃፏ ላይ ተይው፣ ስትወጣ ታነሳዋለች። ትንሿን ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ብላት «የእኔን እኔው ይዤ እመጣለሁ» ብላኛለች።

የምትወድሽ ታላቋ ልጅሽ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከፀጉር ቤቱ ፎቅ ካለችው ክፍሌ
ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን