ማክሰኞና ሐሙስ የጸዳው ቤት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከቤቴ

ቤቱ ተረፈ! ዛሬ ረፋድ ላይ ዳኛዋ ፈረደችልኝ፤ ማንም አያስወጣኝም፣ ያለ ፈቃዴም ማንም ደጄን አይረግጥም። ሰላምታውን ላስቀድም ብዬ ነበር፣ እጄ ቀደመኝ።

እንግዲህ እንደ ወጉ ልጀምር። ውድ ታናሼ፣ እንደምን ከርመሻል? አየሩ ተስማማሽ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ሲዘል ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው አይቶ፣ ዕጣ ወጣልሽ እንዴ አለኝ። ከዕጣ ይበልጣል፣ ከቤቴ ሳልወጣ ቤቴን አገኘሁ አልኩት። አልገባውም፤ ግን ሳቄ ተጋብቶበት አብሮኝ ሳቀ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ የምታውቂውንም የማታውቂውንም።

ባለቤቱ ቤቱን ለመሸጥ እንዳሰበ የሰማነው አምና ነው። ሽያጩን የያዘው ደግሞ ያ ኪራዩን የሚያስተዳድረው ወኪል ነው፤ እኔ በምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ኋላ ላይ "ሽቶ" ብለን ስም ያወጣንለት። ስሙ ከምን እንደወጣ አሁን ይገባሻል። ግንቦት ላይ ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ የወንድ ሽቶ ይሸተኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ሁለት ሴቶች ብቻ በምንኖርበት ቤት የሽንት ቤቱ መቀመጫ ወደ ላይ ተነሥቶ አገኘሁት። ስነግርሽ በሳቅ ፈርሰሽ፣ እርጅና ነው እታለም፣ ራስሽ አንሥተሽው ረስተሽ ነው አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ። እንዲያውም የሥራ ቦታዬን ነርስ ሄጄ፣ ነገር እየጠፋኝ ነው፣ ምን ይሻለኛል ብያታለሁ። በደንብ ተኚ አለችኝ።

አንቺን ወደ አዲሱ ሥራሽ በሸኘሁ በሳምንቱ ጉልበቴን አሞኝ ከሥራ ቀርቼ ፀጉሬን ስታጠብ በሩ ተከፈተ። ማንኳኳት የለ፣ ቤቶች ማለት የለ። ፎጣ ጠምጥሜ ብወጣ፣ ሽቶ ባልና ሚስት አስከትሎ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ቆሟል። ባልየው ግድግዳውን በሜትር ይለካል። ሚስቲቱ ቁም ሣጥኔን ከፍታ ጥልቀቱን ታያለች፤ የውስጥ ልብሴ ፊቷ ላይ ተደርድሮ። ምስኪን፣ ከእኔ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ናት። ሽቶ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እመቤቴ፣ እርስዎ ይቀጥሉ፤ እኛ አንረብሽዎትም" አለኝ። እንግዲህ በገዛ መኝታ ክፍሌ፣ ሳሙናው በጆሮዬ እየወረደ።

ያን ዕለት የተናገርኩትን አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ያፍራል። አስወጣኋቸው፤ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ሠሪ ጠርቼ የበሩን ቁልፍ አስቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፦ ወኪሉን ከልክለሻል፣ ቁልፍ ቀይረሻል፣ ውል አፍርሰሻል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ልቀቂ የሚል። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ቤት በሦስት መስመር አለቀ። እንዲያ ሲሆን ለአንቺ ያልጻፍኩልሽ፣ ገና ሥራ የጀመርሽ ሰው ነሽ፣ ሐሳብ አልጨምርባት ብዬ ነው።

የተከራዮች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እዚያ እትዬ አንቀጽ የምንላት አለች፤ እንደምን አደርሽ ለማለትም ሕግ የምትጠቅስ ሴት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ መነጽሯን አወለቀችና፣ ቤቱ የባለቤቱ ነው፣ ኪራይ እስከከፈልሽ ድረስ ግን በሩ የአንቺ ነው አለችኝ። ወኪሉ መግባት ሲፈልግ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ አንቺም እሺ ማለት አለብሽ። እሳት ካልተነሣ፣ ቧንቧ ካልፈነዳ በቀር፣ ቁልፍ ስለያዘ ብቻ ዘው ማለት አይችልም። እኔ የምጠይቀው ሰው አጥቼ እንጂ ይህን ሁሉ ጊዜ ሕጉ ከእኔ ጋር ኖሯል። ልቤ እፎይ አለ።

ደብዳቤው ይሻርልኝ ብዬ በእሷ ምክር ከሰስኩ፤ ዛሬ ታዲያ ከእሷ ጋር ችሎት ቀረብን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ። ዳኛዋ ልጄ ብትሆን አይበዛባትም። ሽቶ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፋይል አቅፎ መጣ። እኔ አሸንፋለሁ ብዬ ተዝናንቼ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ሽቶ ተነሥቶ፣ ከግንቦት ጀምሮ ቤቱን ያሳየነው በፈቃድ ነው፣ እሷም ድሮ አልተቃወመችም ብሎ አሥራ አራት ቀኖች አነበበ። ማክሰኞ ግንቦት 5፣ ሐሙስ ግንቦት 7፣ ማክሰኞ ግንቦት 12፣ ሐሙስ ግንቦት 14፣ እያለ እስከ ሰኔ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እነዚያን ቀኖች አወቅኋቸው።

ቤቱ የሚጸዳባቸው ቀኖች ናቸው። አንቺ ያኔ ትሠሪበት የነበረው ጫማ መደብር ከሰዓት የምትገቢባቸው፣ እኔ በጠዋት የምወጣባቸው። ስመለስ አልጋዬ ተነጥፎ፣ ብርጭቆው ተወልውሎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፤ አንድ ጊዜማ አበባ በብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ። ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ላውንደሪ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ታናሼ ሰው ሆነች፣ ቀን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ እንደምውል አስባልኝ የቤቱን ማጠፍ እሷ ያዘችልኝ እያልኩ። ያነጠፍሽው እንዳይበላሽ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ እንኳ ሳልቀመጥ ወንበር ላይ ያረፍኩበት ቀን አለ።

ለገዢ እንዲያምር ኖሯል።

ሽቶ አሁንም አልጨረሰም። ለዳኛዋ አንድ ወረቀት ሰጣት፤ ነዋሪዋ ቁልፍ አስረክባ፣ ቤቱ እንዲታይ ፈቅዳ የፈረመችው ይላል። ዳኛዋ ወደ እኔ አዙራ፣ "ፊርማውን ያውቁታል?" አለችኝ።

"አውቀዋለሁ" አልኩ። "እስክሪብቶ አስይዤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

እሱ ደግሞ ለትብብሯ ሲል ቢሮው ቅርንጫፉ ባለበት ከተማ ለብቻው በር ያለው ክፍል እንዳገኘልሽ ጨመረበት፤ መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል ያልሽኝ ክፍል መሆኑ ነው። እኔ ለዚያ መስኮት መጋረጃ ልሰፋልሽ ጨርቅ ገዝቻለሁ።

ዳኛዋ ውሉን አገላበጠችና ስምሽን ፈለገች። የለም። ታዲያ ይህች ሴት ቤቱ ውስጥ ምንዎ ነበረች ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ አንቀጽ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ነገሩ እዚህች ላይ እንደሆነ ገባኝ። አብረሽኝ በኖርሽበት ስድስት ዓመት ሙሉ ለፖስተኛውም፣ ለቧንቧ ሠራተኛውም ቤታችን እንጂ ቤቴ ብዬ አላውቅም። እህቴ ናት፣ ቤቱ የሁለታችን ነው ብል ፊርማሽ ይጸናል፤ እኔም እወጣለሁ።

"እንግዳዬ ነበረች" አልኩ።

በዚህች ቃል አሸነፍኩ። እንግዳ የተከራይን በር ለሌላ ሊፈቅድ አይችልም አለች ዳኛዋ፤ ፈቃድ ቢኖር እንኳ ለአሥራ አራቱም ቀን አንድ የማስታወቂያ ደብዳቤ አልተጻፈም። የልቀቂው ደብዳቤ ተሻረ። ከእንግዲህ ወኪሉ ቀድሞ ጽፎ፣ እኔ እሺ ብዬ፣ እኔው በሩን ከፍቼለት ብቻ ይገባል። ቤቱ ቢሸጥም ውሌ እስኪያልቅ ከነውሌ ነው የሚሸጠው። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ አለቀስኩ። እትዬ አንቀጽ አቅፋኝ፣ ደስታም ያስለቅሳል አለች። አዎ አልኳት።

ደስ ብሎኛል፣ ውሸት አልጽፍም። ከችሎት መልስ ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆልፌ እያንዳንዱን ክፍል ዞሬ አየሁ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። አንድ ጊዜ፣ እታለም፣ የራሴን በር ዘግቼ ማልቀስ አማረኝ ብለሽኝ በቀልድ አሳለፍኩት። ሠላሳ ዓመት ሞልቶሽ የእህትሽ ሶፋ ላይ ማደር ቀላል አልነበረም፤ እኔም በሌሊት ስነሣ መብራት አበራብሽ ነበር። ብትነግሪኝ ይህን ጉልበቴን እየጎተትኩ አብሬሽ ክፍል እፈልግ ነበር። ቁልፉን መስጠትሽን ቀስ እያልኩ እውጠው ይሆናል። አበባው ነው አልወርድ ያለኝ።

ለእማማም ለወንድማችንም፣ ከቢሮው ሰዎች አንዱ ቁልፍ አባዝቶ ነው ብያቸዋለሁ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው። እዚህ ስትመጪ አንገትሽን የምትደፊለት ሰው አይኖርም፣ ከእኔ በቀር።

ለቤቱ ደስታ ግብዣ ደግሻለሁ። ላውንደሪው በሙሉ ይመጣል፤ ሰዓት ሠሪው ከነሚስቱ፣ እትዬ አንቀጽ፣ እማማን ይዞ ወንድማችን። ወንበር አይበቃም፣ መሬትም ይቀመጣል። መጋረጃውንም እጨርሰዋለሁ፤ የመስኮቱን ልክ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ጤናሽን ይስጥሽ። ሳልሽን አትናቂው። የምትቀጠሪበት ቦታ ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ከገዛ እጅሽም ይጠብቅሽ።

እንግዲህ ቀኑን ያዢ፦ እሑድ፣ ጥቅምት 23፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ። ሥራ አለብኝ፣ መንገዱ ይርቃል፣ አሞኛል የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ይመጣል፤ አንቺም ትመጫለሽ።

እህትሽ፣
እታለም